ጅቡ ለምን ድንች መሰለ?

ጥያቄው፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። የ9 ዓመት ሴት ልጅና የ5 ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። ክረምት ሲመጣ የእህቴም ልጆች ይጨመራሉ። መብራት ሲጠፋ ተረት እነግራቸዋለሁ፤ የሚወዱት ደግሞ የሚያስፈራውን ነው። በቀደም ለት ከብስኩት ካርቶን ጅብና አህያ ቆርጬ፣ አንሶላ ዘርግቼ፣ በቻርጅ የሚሠራውን አምፖል ከኋላ አድርጌ ሞከርኩ። ጥላው ደብዝዞ ቅርጹ ጠፋ። ትልቋ «እማዬ፣ ይሄ ድንች ነው?» አለችኝ። ትንሹ ደግሞ ጥላውን ከቁብ ሳይቆጥር በእኔ ድምፅ ፈርቶ አብሮኝ አደረ። ጥርት ያለ ጥላ እንዴት ነው የሚወጣው? ልጆቹስ ሳያለቅሱ እንዴት ይፈራሉ?»

ጤና ይስጥልኝ እህቴ።

ድንቹ አያሳፍርሽ። ለልጆች የወረቀት አሻንጉሊት መሥራት ከጀመርኩ ከ15 ዓመት በላይ ሆኖኛል። የመጀመሪያ ጅቤን ያየ አንድ ሕፃን «በግ! በግ!» ብሎ አጨብጭቦልኛል። ያ ጅብ እንዲያስፈራ ያላደረግሁት ነገር አልነበረም። ጥርሱን አንድ በአንድ ቆርጬ፣ የጀርባውን ጠጉር በምላጭ ፈልፍዬ፣ ሁለት ማታ አምሽቼበታለሁ። አንሶላው ላይ ከዚያ ሁሉ አንዱም አልታየ። ጥላን የሚስለው መብራት መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው። አሁን ማንም ሲጠይቀኝ ግማሽ ሰዓት ቁረጥ፣ አንድ ሰዓት ከመብራቱ ጋር ተጫወት እላለሁ።

ስለዚህ ከአምፖልሽ እንጀምር። በቻርጅ የሚሠራው አምፖል ነጭ ሽፋን ያለው፣ ድቡልቡል፣ ወደ 6 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ነው። ለቤት ግሩም ነው፤ ብርሃኑ ከገላው ሁሉ ስለሚወጣ ዓይን አይወጋም። ለጥላ ግን ጠላቱ ይኸው ጸባይ ነው። ከአምፖሉ ግራ ጫፍ የሚመጣው ብርሃን አንድ ጅብ ይስላል። ከቀኝ ጫፉ የሚመጣው ሌላ ጅብ፣ ትንሽ ፈቀቅ አድርጎ ይስላል። በመካከላቸው ካለው ቦታ ሁሉ እንዲሁ። ብዙ ጅቦች ተደራርበው ይወድቃሉ። ሁሉም የተስማሙበት መሀሉ ይጠቁራል፣ ያልተስማሙበት ዳሩ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ጆሮና እግር ቀጭን ናቸው፤ የሚስማሙበት መሀል የላቸውም። ድንቹ የመጣው ከዚያ ነው።

ሂሳቡ ቀላል ነው። የመብራቱን ስፋት አሻንጉሊቱ ከአንሶላው በራቀበት ልክ አባዢው፣ ከመብራቱ በራቀበት ልክ አካፍዪው። የሚወጣው የግራጫው ዳር ስፋት ነው። አሻንጉሊቱን ከአንሶላው 20፣ ከአምፖሉ 80 ሳንቲ ሜትር ላይ ይዘሽው ነበር እንበል። 6 ሲባዛ በ20፣ ሲካፈል ለ80፤ 1.5 ሳንቲ ሜትር። የጅብሽ ጆሮ ራሱ ከዚያ አይበልጥም። አሁን አምፖሉን አንሺና የስልክሽን ባትሪ አብሪ። የሚያበራው ነጥብ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በዚያው ርቀት ግራጫው ዳር ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ይሆናል። ካርቶኑ ያው፣ ጅቡ ያው፤ ድንቹ ጆሮ ሲያወጣ ታዪዋለሽ።

አንዳንድ ስልክ ሁለት የተነጣጠሉ ትንንሽ መብራቶች አሉት። ያኔ ጥላው ድርብ ይሆናል፣ ጅቡ ሁለት አፍንጫ ያወጣል። አንዱን በጥቁር ፕላስተር ሸፍኚው። የስልኩ ስክሪንም መጥፋት ወይም መገልበጥ አለበት። የቤቱን ሌላ መብራት ሁሉ አጥፊ፤ የፍሪጁና የዲኮደሩ ትንሿ ቀይ መብራት እንኳን ጨለማውን ታሳሳዋለች። ስልኩን በእጅሽ አትያዢው። ወንበር ላይ መጽሐፍ ደርድረሽ አስደግፊው። እጅ ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጡ ጥሩ የሚሆነው ስትፈልጊው ብቻ ነው።

ሻማስ? ኩራዝስ? የሻማ ነበልባል ትንሽ ስለሆነ ጥላው ደህና ይወጣል፣ ሲወዛወዝ ደግሞ አሻንጉሊቱ የሚተነፍስ ይመስላል። በኢንዶኔዥያዋ ጃቫ ደሴት ዋያንግ የሚባለውን የጥላ ትያትር ሌሊቱን ሙሉ የሚያሳዩት ሰዎች ከራሳቸው በላይ የሚሰቅሉት የዘይት ኩራዝ አላቸው፤ ብሌንቾንግ ይሉታል። የነፍሱ ምንጭ ያ ነበልባል ነው። አንቺ ግን የተዘረጋ አንሶላ፣ ወረቀትና የ5 ዓመት ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ አሉሽ። ሻማውን ተዪው። ውዝዋዜውን ካማረሽ ጣቶችሽን ስልኩ ፊት ቀስ እያደረግሽ አወዛውዢ።

አሁን ወደሚያስፈራው እንምጣ። ስልኩን ከአንሶላው 2 ሜትር አርቀሽ አስቀምጪ። ጅቡ አንሶላውን ተጠግቶ ሲቆም ጥላው በልኩ ነው፣ 18 ሳንቲ ሜትር። ቀስ እያልሽ ወደ ስልኩ ሳቢው። ግማሽ መንገድ ላይ፣ 1 ሜትር ላይ ማለት ነው፣ ጥላው እጥፍ ይሆናል። ከስልኩ 50 ሳንቲ ሜትር ሲቀረው አራት እጥፍ። 25 ሲቀረው ስምንት እጥፍ፣ ማለትም ርዝመቱ 144 ሳንቲ ሜትር። ከትንሹ ልጅሽ ቁመት የሚበልጥ ጅብ በብስኩት ካርቶን። ልብ በይ፤ የመጀመሪያው ሙሉ ሜትር ያመጣው እጥፍ ብቻ ነው፣ መጨረሻ ላይ ግን 25 ሳንቲ ሜትር ብቻ ተጉዞ ከአራት ወደ ስምንት ዘለለ። እጅሽ በአንድ ፍጥነት ቢሄድ እንኳ ጅቡ መጨረሻ ላይ የሚሮጥ ይመስላል። ይህን ካወቅሽ መጨረሻውን በጣም ቀስ ታደርጊዋለሽ፤ ወይም ሆን ብለሽ ትለቂዋለሽ። የልጆቹ ጩኸት የሚመጣው እዚያ ጋ ነው።

ብልሃቱ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1798 ኤቲየን ጋስፓር ሮበርትሰን የሚባል የሊየዥ (የዛሬዋ ቤልጂየም) ሰው ፓሪስ ውስጥ የሙት መንፈስ ማሳያ ከፍቶ ነበር። በዓመቱ፣ ከፈረንሳይ አብዮት ወዲህ መነኮሳት ወደሌሉበት የካፑቺን ገዳም አዛወረው። ቦታውን እንዴት እንደመረጠው እዪልኝ። ተመልካቹ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል። ሮበርትሰን ከመጋረጃው ጀርባ የሥዕል ፋኖሱን (መስታወት ላይ የተሳለን ሥዕል በብርሃን መጋረጃ ላይ የሚጥለውን) መንኮራኩር ባለው ጋሪ ላይ አድርጎ ያንቀሳቅሳል። መጋረጃው ላይ ያለው አጽም ሲያድግ ሰዉ ወደ እሱ እየመጣ ይመስለዋል። መጋረጃው መኖሩን ካላዩት ትልቅ መሆንና ቅርብ መሆን ለዓይን አንድ ናቸው።

ስለ አንሶላው ብዙ አልልም። ነጭ ይሁን፣ የተተኮሰ ይሁን፣ በመኝታ ቤቱ በር ክፍተት ላይ ይወጠር። መጨማደድ ካለው ጅቡም ይጨማደዳል። ነጠላ ያምራል፣ ጥለቱም ለመድረክ ግርማ ይሰጣል፤ ግን ሽመናው ስስ ስለሆነ ስልኩም የአንቺም ፊት በሽመናው ውስጥ ይታያል። መብራቱ ከአሻንጉሊቱ ጀርባ ትንሽ ከፍ ብሎ ወደ ታች ቢያይ፣ ልጆቹ ደግሞ መሬት ላይ ምንጣፍ ላይ ቢቀመጡ፣ ያቺ የምትወጋ ነጭ ነጥብ ዓይናቸው ላይ አትወድቅም። አንቺ ከመብራቱ መስመር በታች ተንበርከኪ። ጉልበትሽ ስር ትራስ አድርጊ፤ ይሄ ከልምድ ነው።

ቆረጣው ላይ የብስኩት ካርቶንሽ በቂ ነው። የኦሞ ካርቶንም ይሆናል። የቴሌቪዥን ካርቶን አይሆንም፤ ወፍራም ስለሆነ ለመቀስ ያስቸግራል። የደብተር ወረቀት ደግሞ ብርሃን ያሳልፋል። እሱን ግን አትጣዪው፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

ጅብን ጅብ የሚያደርገው ጥርሱ አይደለም። ጥርስ ውሻም አለው። ጀርባውን አስቢው። የፊት እግሮቹ ከኋላዎቹ ይረዝማሉ፣ ስለዚህ ጀርባው ከትከሻ ወደ ዳሌ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሁልጊዜ ዳገት የሚወጣ ይመስላል። አንገቱ ወፍራም ነው፣ ከጭንቅላቱ እኩል ሊሆን ምንም አይቀረው። ጭንቅላቱን ዝቅ ያደርጋል። የዥንጉርጉሩ ጅብ ጆሮ ክብ ነው፤ ሹል ካደረግሽው ቀበሮ ይሆንብሻል። ጭራው አጭር ነው። እነዚህን ይዘሽ ዝርዝሩን በሙሉ እርሺው። አህያዋ ደግሞ ከዚህ ትቀላለች፤ ሁለት ረጃጅም ጆሮ፣ ትንሽ ሆድ፣ አራት ቀጭን እግር። ጆሮዎቿን ከምታስቢው በላይ አስረዝሚያቸው። ጥላ ላይ የተጋነነ ነገር ነው ትክክል የሚመስለው።

ዓይኑን መጀመሪያ ቁረጪ። ብዙ ሰው ዙሪያውን ቆርጦ ሲጨርስ ዓይኑን ለማውጣት ይመጣና አንገቱን ይቀደዋል። ካርቶኑ ገና ሰፊ ሳለ የውስጡን ቀዳዳ ሁሉ አውጪ፣ ከዚያ ዙሪያውን። መቀሱን አትጠምዝዢ፣ ካርቶኑን አዙሪ። ለዓይን ምላጭ አያስፈልግሽም፤ ወስፌ ካለሽ ወጋ አድርገሽ ማዞር ይበቃል። ሐረር ግንብ ዳር ማታ ጅብ ሲበላ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ዓይኑን ነው። ከዓይኑ ጀርባ ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ስላለው ባትሪ ሲያርፍበት ያበራል። ያንቺም ጅብ እንዲያ ይሁን። ቀዳዳዋን ከጀርባ በቀይ ወይ በቢጫ የከረሜላ መጠቅለያ ለጥፊያት፤ ብርሃን የሚያሳልፈውን ዓይነት። ጥቁር ገላ ውስጥ አንዲት ቀይ ነጥብ።

መገጣጠሚያ አንድ ብቻ ሥሪ። ልጆች ሲያዩ እግሩም፣ ጭራውም፣ ጆሮውም ይንቀሳቀስ ይሉሻል። እሺ ብለሽ ከገባሽበት ሁለት እጅ አይበቃሽም፣ ጅቡም ሰካራም ይመስላል። ለጅብ መንጋጋው ይበቃዋል። የታችኛውን መንጋጋ ለብቻው ቁረጪ፤ ከመገጣጠሚያው ኋላ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ጭራ አስቀሪለት። ከጉንጩ ጀርባ አስተኝተሽ ሁለቱን አንድ ላይ በወስፌ ውጊ። ወፈር ያለ ክር አሳልፊ፣ በሁለቱም ወገን ቋጥሪ። ቋጠሮው ላላ ይበል። ካጠበቅሽው አፉ አይከፈትም፣ በጣም ካላላሽው ይንጠለጠላል፤ እፍ ሲሉት ወዝወዝ የሚል ከሆነ ልክ ነው። አሁን ቀጭን ስንጥር በዚያች ጭራ ላይ በፕላስተር ያዢ። ስንጥሩን ወደ ላይ ስትገፊው አፉ ይከፈታል፣ ወደ ታች ስትስቢው ይዘጋል። ቀስ ብሎ መከፈቱ ያስፈራል። ቶሎ ቶሎ ከከፈትሽና ከዘጋሽው ያወራል፣ ልጆቹም ይስቃሉ። ሁለቱንም ትፈልጊያቸዋለሽ።

መያዣው ላይ የየአገሩ ሰው የራሱ ፈሊጥ አለው። ጃቫዎቹ ከጎሽ ቆዳ የተፈለፈለውን አሻንጉሊት ከታች በሚወጣ የቀንድ ዘንግ ይይዙታል፣ እጆቹን ደግሞ በሌላ ስንጥር። ካራጎዝ የሚባለውን የሚጫወቱት ቱርኮች ግን ዘንጉን ከጀርባ ቀዳዳ ውስጥ ሰክተው አሻንጉሊቱን መጋረጃው ላይ ይጫኑታል። የቱርኮቹ ጥርት ያለ ጥላ ይሰጣል፤ ወደ መብራቱ ሳብሽው ግን እጅሽ አብሮ ይታያል። አንቺ ጅቡን ልታሳድጊ ስለሆነ የጃቫዎቹን ያዢ። የጥብስ ስንጥር ካላገኘሽ ከመጥረጊያ የመዘዝሽው ጠንካራ ጭራሮ ይሆናል። ሆዱ ላይ ለጥፊው፣ ሚዛኑ ባለበት። ሚዛኑን ለማግኘት አሻንጉሊቱን ጣትሽ ላይ አስተኚው፤ ሳይወድቅ የቆመበት ቦታ ነው።

ቅድም አትጣዪው ያልኩሽ የደብተር ወረቀት እዚህ ይመጣል። ሳምቡሳ የተጠቀለለበት ወረቀት ዘይት ሲነካው ጣትሽን አላየሽም በውስጡ? በወረቀቱ ክሮች መካከል ያለው አየር ብርሃኑን ይበትነዋል፤ ዘይቱ ቦታውን ሲይዘው ብርሃኑ ያልፋል። ነጭ ወረቀት ላይ ሰው ሥይ፤ ረጅም ቀሚስ፣ ነጠላ የተከናነበ ራስ፣ ፊት የሌለው። ቁረጪውና በጥጥ ዘይት ቀቢው፣ ትርፉን በሶፍት ጥረጊ። አንሶላው ላይ አህያዋ ኩልል ብላ ስትጠቁር ይሄኛው ስስ ግራጫ ሆኖ ይመጣል። አለ ወይስ የለም የሚያሰኝ ነገር። አሁን ደግሞ ያ የተሰደበው አምፖልሽ ክብሩን ያገኛል። ስልኩን በእጅሽ መዳፍ ሸፍኚና አምፖሉን አብሪ። ዘይት የነካውን ሰው ከአንሶላው ቀስ በቀስ አርቂው። ዳሩ እየሟሟ፣ እየሰፋ፣ እየሳሳ ይሄዳል፤ መቼ እንደጠፋ ሳይታወቅ ይጠፋል። ድንቹን የፈጠረው አምፖል መንፈስ ይሆናል።

ቤትሽ ውስጥ ያረጀ የራጅ ፊልም ካለ አንድ ማታ እሱንም አንሶላው ላይ አስደግፊው። የልጆቹን ፊት ማየት ነው።

ለወንዙ ትዕይንት ብርሃን የሚያሳልፍ የመስታወት ትሪ ፈልጊ፣ ኬክ የሚጋገርበትን ዓይነት። 2 ሳንቲ ሜትር ውሃ አድርጊበት። ሁለት የመጽሐፍ ቁልል መሀል እንደ ድልድይ አስቀምጪው፣ የሌላ ሰው ስልክ ከሥሩ ወደ ላይ እያበራ። ውሃውን በጣትሽ ነካ ስታደርጊው ጣራው በሙሉ ይወዛወዛል። ውሃው ስልክ ላይ ቢፈስ እኔን እንዳትጠይቂኝ፤ ስልኩን ላስቲክ ውስጥ አድርጊው።

ወንዝ ያስፈለገን ሁላችንም ለምናውቀው ተረት ነው። ጅብ ከወንዙ ላይኛው በኩል፣ አህያ ከታችኛው በኩል ሆነው ውሃ ይጠጣሉ። ጅቡ «ውሃውን አታደፍርሺብኝ» ይላል። ከታች ያለ ከላይ ያለውን እንዴት ያደፈርሳል? አህያዋ ገብቷታል፤ «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ።» ተረቱ ካለቀ በኋላ ትልቋ ልጅሽ የምትጠይቅሽ ነገር አይጠፋም። ማታ የሚያስፈራ ተረት ፍለጋ ከዚህ ወዲያ መሄድ አያስፈልግም። ጭራቅም ደራጎንም የለበትም፣ ግን አንቺን ሊበላ የወሰነ ሰው ምክንያት ሲፈልግ ምን እንደሚመስል ያሳያል።

እኔ እንዲህ ነው የማሳየው። «ተረት ተረት» ስል «የላም በረት» ይሉኛል፤ ስልኩ ተሸፍኗል፣ ጨለማ ነው። ጣራው ላይ ውሃው ይመጣል። ከዚያ አህያዋ ብቻዋን፣ አንሶላው ላይ ተለጥፋ፣ በልኳ። ትጠጣለች። ብዙ አልናገርም። በአንሶላው ጥግ አንድ ክብ ጆሮ ይወጣል፣ ይመለሳል። አንዱ ልጅ ሁልጊዜ ያየዋል፣ ሌላው አላየሁም ይላል፤ ይጨቃጨቁ። ቀጥሎ ዓይኑ ብቻ። ሙሉ ጅቡ የሚመጣው ልጆቹ በራሳቸው ሥለው ከጨረሱት በኋላ ነው። «ውሃውን አታደፍርሺብኝ» ሲል አሁንም በልኩ ነው። ማደግ የሚጀምረው አህያዋ መልስ ስትሰጥ ነው። አህያዋ አንሶላው ላይ ስለተለጠፈች አታድግም። እሷ ያው 15 ሳንቲ ሜትር፣ እሱ ግድግዳ ያክላል። መንጋጋው ቀስ ብሎ ይከፈታል። «ሳታመካኝ ብላኝ» ስትል መብራቱን በመዳፌ እሸፍናለሁ። ሦስት እቆጥራለሁ። መዳፌን ሳነሳ አንሶላው ባዶ ነው፤ ውሃው ብቻ ጣራ ላይ ይወዛወዛል።

መብላቱን አላሳይም። አንድ ጊዜ ያሳየሁ ቀን፣ ለአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ነበር፣ አንዲት ሕፃን አልቅሳ መምህሯ ይዛት ወጣች፤ ሌሎቹ ደግሞ ሳቁ። ሁለቱም ያልፈለግሁት ነው። ቻይናዎች ስለ ጥላ ትያትር አመጣጥ የሚያወሩት አንድ አፈ ታሪክ አላቸው። የሃን ንጉሠ ነገሥት ዉ የሚወዳት ሴት ሞታበት ሲተክዝ አንድ ጠንቋይ በመብራትና በመጋረጃ ጥላዋን አሳየው ይባላል። አንድ ነገር ግን ከልክሎታል፤ ከሩቅ ሆነህ እይ እንጂ አትጠጋ። ንጉሡ ቢጠጋ ኖሮ ያው እንደኛው የተቆረጠ ነገር ያገኝ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ድምፅሽን በተመለከተ ትንሹ ልጅሽ የነገረሽን እመኚው። አምስት ዓመት ላይ የእናት ድምፅ የቤት ድምፅ ነው። ያ ድምፅ ድንገት ጅብ ሲሆን እናትየው የሄደች ይመስላል፤ ጥላው ከዚያ በኋላ ምንም አይደለም። ተራኪዋ ሁልጊዜ አንቺ ሁኚ፣ በራስሽ ድምፅ። ለጅቡ ፕላስቲክ ጆግ አፍሽ ላይ ደፍተሽ ተናገሪ፤ ድምፁ ከሌላ ቦታ ይመጣል፣ አንቺም አንቺ ሆነሽ ትቀሪያለሽ። ፌስታል ቀስ ብለሽ ስትጨብጪ ቅጠል ላይ የሚረግጥ እግር ይሆናል። የወተት ጣሳ ውስጥ ያለ በቆሎ ዝናብ ነው። ከሁሉም የሚከብደው ዝምታ ነው። እኔ አሁንም እጣደፋለሁ።

ከማታው በፊት፣ በቀን ብርሃን፣ ጅቡን ለትንሹ ስጪው። ይዞት ይዙር፣ ስም ያውጣለት፣ ወረቀት መሆኑን ጣቱ ይወቀው። ማታ ደግሞ ስልኩን የመሸፈን ሥልጣን የእሱ ይሁን። ሲበዛበት መዳፉን ያደርጋል፣ ጅቡ ይጠፋል። ልጆች ይህን ሲያገኙ የሚያደርጉት ይገርማል፤ መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ይሸፍናሉ፣ በሦስተኛው ቀን እስከ መጨረሻው ጠብቀው «ገና ነው፣ ገና ነው» ይላሉ። ለእሱ የመጀመሪያዎቹን ቀናት አንሶላውንም ተዪው። የፓስታ ካርቶን ሳጥን ፊቱን ቆርጠሽ ነጭ ወረቀት ለጥፊበት፤ ሳጥን ውስጥ ያለ ጅብ ከሳጥን አይወጣም። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ካልሽ በኋላም ወዲያው ወደ አልጋ አትስደጃቸው። መብራት አብሪ፣ ካልመጣም ያንን ድቡልቡል አምፖል። ከአንሶላው ጀርባ ይምጡ፣ ጅቡን ይያዙ፣ እርስ በርስ ይብሉ።

ሁለት ነገር ግን እንዳታደርጊ እለምንሻለሁ። አንደኛው፣ በማግስቱ «ካልተኛህ ያ ጅብ ይመጣል» ማለት። አያቶቻችን ብለውናል፣ አድገናል፤ ግን በጨዋታ የተፈራና በማስፈራሪያ የተፈራ አንድ አይደለም። አንዴ ማስፈራሪያ ካደረግሽው ልጁ አንሶላ ስትዘረጊ ማየት አይፈልግም። ሁለተኛው፣ ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚለውን ተረት። ለጥላ የተፈጠረ ነው፣ አውቃለሁ፤ ሰው ገብቶ ጅብ ሲወጣ በአንድ የወረቀት ማዞር ይሠራል። ግን ያ ተረት ስም አለው። ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቤተ እስራኤሎቹ ለዘመናት ሲታሙበትና ሲሸሹበት የኖሩበት ነው። ልጅሽ ጠዋት ጀበና የምትሸጠዋን ሴትዮ በሌላ ዓይን እንዲያይ አትፈልጊም። ሰው ወደ አውሬ ሲለወጥ ማሳየት ካማረሽ አውሬውን ወደ ሰው አዙሪው፤ ጅቡ ነጠላ ለብሶ ለቅሶ ቤት ሲመጣ። እኛ ሠፈር ልጆች በዚህ ተንከባለው ነው የሚስቁት።

በነገራችን ላይ አያቴ ማታ የሰው ጥላ አትርገጡ ትለን ነበር። ጥላ ወጊ የሚባል መንፈስ በክታብ ላይ በግዕዝ የሚጻፍበት አገር ነው፤ ጥላው የከበደ፣ ጥላ ቢስ እያልን የምንናገር ሰዎች ነን። ስለዚህ ልጆቹ ግድግዳ ላይ ስለወደቀ ጥቁር ነገር ቢጠይቁሽ የምታወሪያቸው አታጪም። ትልቋ ለዚህ ደርሳለች። እንዲያውም የሚቀጥለውን ተረት እሷ ትቁረጠው፣ አንቺ ከልጆቹ ጋር ምንጣፉ ላይ ተቀመጪ።

አሻንጉሊቶቹን ስትጨርሺ ያለቀ ደብተር ቅጠሎች መሀል አስተኝተሽ ፍራሽ ሥር አድርጊያቸው። ስንጥሩን ግን ነቅለሽ ለብቻው አስቀምጪ፤ አብሮ ከተጫነ ካርቶኑ ይጎብጣል፣ የጎበጠ ጅብ ደግሞ አንሶላ ላይ አይለጠፍም። በዘይት የተቀባውን ሰው ከሌሎቹ አርቂው፣ አህያዋን በአንድ ሌሊት መንፈስ ያደርጋታል።